ኮሮና ሕፃናትን አይነካም አሉን፤ የነካቸውን ማን ቆጠረ?

ሰሞኑን ለለቅሶ ሸነን ደርሼ መጣሁ። ሸነን የት ነው ለምትሉ፣ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ያለች የጅባት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ሰው አምቦን በውኃዋ፣ ጉደርን በወይን ጠጇ ያውቃቸዋል። ሸነንን ግን ከተወላጁ፣ ከነጋዴውና ከሾፌሩ በቀር ብዙ ሰው አያውቃትም። ሬዲዮና ቴሌቪዥናችንም ስሟን የሚያነሡት ከስንት አንዴ ነው። "ለመሆኑ እዚያ ሰው ይኖራል ወይ?" ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ይኖራል። ሕፃናትም ይኖራሉ። የዛሬው ወሬዬም ስለ እነሱ ነው።

ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የታላቅ እኅቴ ልጅ አንዱን በጀርባዋ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ እየጎተተች መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። ከኮሮና በፊት ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ለበዓል አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ደብተሯን ይዛ ከጎኔ ቁጭ ትልና "ኤሱማ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" እያለች መውጫ መግቢያ ታሳጣኝ ነበር። ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። እኔም የከተሜ ሞኝነቴ ይዞኝ "ትምህርቱስ እንዴት ሆነ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ኤሱማ ደግሞ፣ የምን ትምህርት! እኔን እኮ የዳረኝ ኮሮና ነው" አለችኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እምቢ እንዳለኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እናንሣው።

ግማሽ እውነት

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ያን ሰሞን የሆነውን መቼም ታስታውሳላችሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እሳት ሆኑ። ፌጦና ሎሚ እንደ መድኃኒት ተቸበቸቡ። መጨባበጥ ቀረና በክርን መነካካት መጣ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል አንዲት የምታጽናና ወሬ ነበረች፤ "ኮሮና ሕፃናትን አይነካም" የምትል። እናቶች በሷ ተጽናኑ። ሹማምንቱም ሳይጽናኑባት አልቀሩም፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ስለ ሕፃናት ብሎ እንቅልፍ ያጣ ባለሥልጣን አላየሁም።

ወሬዋ ሙሉ ውሸት አይደለችም፤ ሙሉ እውነትም አይደለችም። ልጆች በኮሮና ይያዛሉ። አብዛኞቹ ግን እንደ ጉንፋን ያደርጋቸውና ያልፋል። ትንሽ ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ አንዳንዴም ተቅማጥና ትውከት፣ በቃ። ጭራሽ ምንም ሳይሰማቸው የሚያልፍም ሞልቷል። የሕክምና ተመራማሪዎች ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ፣ በልጅ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ያለው የሰውነት ዘበኛ ከአዋቂው ይልቅ ቶሎ ይነቃል የሚል ነው። ቫይረሱ ገና በሩ ላይ ሳለ ይያዛል እንደ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ልጅ እኩል አይደለም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ አስም ወይም ስኳር ያለበት፣ በምግብ እጦት የተጎዳ ልጅ ከሌላው የበለጠ ያሰጋዋል። ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። በሚያዝያ ወር 2012 የእንግሊዝ ሐኪሞች አንድ ያልተለመደ ነገር አስተዋሉ። በኮሮና ተይዘው የዳኑ፣ ወይም መያዛቸው እንኳ ያልታወቀ ልጆች ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይተው እንደገና ይታመሙ ጀመር። የማይበርድ ትኩሳት፣ የሰውነት ሽፍታ፣ የዓይን መቅላት፣ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ ከዚያም የልብ መድከም። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 7 ቀን 2012 የሕመሙን መለያ አውጥቶ ለዓለም ሐኪሞች አሳወቀ። በሽታው ብዙ አይደለም፤ ግን ካልታወቀ ይገድላል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ የሚታከም ነው። እስቲ በጅባት ገጠር ያለች እናት ይህን የነገራት ማን ነው?

"ይህ የፈረንጅ ልጅ በሽታ ነው" የሚል አይጠፋም። ለሱም መልስ አለ። በጥር 2014 የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት በስድስት የአፍሪካ አገሮች፣ ማለትም በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በጋና፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ፣ በኮሮና ምክንያት ሆስፒታል የተኙ 469 ሕፃናትንና ታዳጊዎችን ተከታትሎ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 39ኙ ሞተዋል። ከመቶ 8.3 ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሆስፒታል እስከ መተኛት የደረሱት እንጂ የተያዙት ሁሉ አይደለም። ሆኖም በሀብታሞቹ አገሮች ሆስፒታል ከተኙት ልጆች ጋር ሲነጻጸር እጅግ የከፋ ነው። ቫይረሱ ያው ነው። ልዩነቱ ኦክስጅኑ ላይ፣ መንገዱ ላይ፣ ሌማቱ ላይ ነው።

በዚያ ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ለእኛ አንባቢዎች ዋናው ወሬም ይኸው ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን ከመቶ 37ቱ የቀነጨሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ የበዛበት አገር "ሕፃናትን አይነካም" ብሎ ሊተኛ አይገባውም ነበር። በድምሩ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው መያዙና ከ7 ሺህ 500 በላይ ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። የተመረመረው ግን በአብዛኛው የከተማ ሰውና መንገደኛ ነው። በሸነን ዙሪያ ባለ ጎጆ ውስጥ ያንን ክረምት "በሳንባ ምች" ተብሎ የተቀበረ ሕፃን የየትኛው መዝገብ ነው? የማንም አይደለም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። እኛ ደግሞ አልደበቅንም፤ ጭራሽ አልፈለግነውም።

ለ15 ቀን ተብሎ 7 ወር

ሳንባው ላይ ያረፈው እንግዲህ ይህ ነው። ከዚህ ይልቅ የብዙውን ልጅ ዕድሜ የበላው ግን ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን እኛ በቫይረሱ ስም ያደረግነው ነገር ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለ15 ቀን ነው ተባለ። ከዚያ ተራዘመ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ። በሮቹ በየተራ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ነው። 15 ቀን የተባለው ሰባት ወር ሆነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ተቀመጠ።

ለእውነት እንመስክር፤ መጀመሪያ ላይ መዝጋቱ ስሕተት ነው አልልም። በዚያን ጊዜ በሽታውን የሚያውቅ አልነበረም። ዓለም በሙሉ ዘግቷል። ከእኛ የባሰም አለ። ኡጋንዳ እየከፈተችም እየዘጋችም ቆይታ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው! በአንጻሩ ዴንማርክ ትንንሾቹን ሚያዝያ 7 ቀን 2012 ወደ ክፍል መልሳለች። "የዴንማርክ ክፍልና የእኛ ክፍል አንድ ነው ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የእኛ ልጆች በአንድ ወንበር ለአራት ተፋፍገው ነው የሚማሩት። እጅ የሚታጠቡበት ውኃ የለም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ የአምቦ ውኃ በጠርሙስ ተሞልቶ አገር ለአገር ሲዞር የዚያው አካባቢ ልጅ በጀሪካን ውኃ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እሺ፣ ችግሩ ይህ ከሆነ በሰባት ወር ውስጥ ለስንቱ ትምህርት ቤት ቧንቧ ተዘረጋ? ስንት ተጨማሪ ክፍል ተሠራ? የእኔ ጥያቄ ለምን ተዘጋ አይደለም፤ ተዘግቶ ሳለ ምን ተሠራበት ነው።

"ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል" ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! በእኅቴ ቤት አንድ ሬዲዮ ነበረች። ባትሪ ድንጋይዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እሱም እምቢ ሲል ለገበያ ቀን ይጠበቃል። ባትሪው ሲገኝ ደግሞ ሬዲዮዋን የሚይዛት አባትዬው ነው፤ ዜና ይሰማባታል። ትምህርቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ልጆቹ ከብት ጋር ናቸው። በአዲስ አበባ ያለው የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ግን በቴሌግራም ወረቀት እየተላከለት እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታስጠናው ነበር። በአንድ በሽታ ሁለት አገር ሆንን።

ያም ቢሆን አልዘለቀም። የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። ሰኔ 25 በትውልድ ከተማው በአምቦ ተቀበረ። አገር ታመሰ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ድርግም አለ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ቆየ። ለሕፃናቱ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻም፣ ወደ 15 ሚሊዮን ልጆችን ለመከተብ የታሰበው፣ በኮሮና ምክንያት ከሚያዝያ ተራዝሞ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። እንግዲህ የምዕራብ ሸዋ ወላጅ የነበረበትን አስቡት። ወረርሽኝ ከአንድ በኩል፣ ለቅሶና ግርግር ከሌላ በኩል፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ፣ ሥራ የለ፣ መንገድ የለ። ቤት ውስጥ ደግሞ የደረሰች ሴት ልጅ አለች።

ርካሽ ሰርግ

አሁን እንቅልፍ የነሣኝን ልንገራችሁ።

የእኅቴ ልጅ በ2012 የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዕድሜዋ 15። በዚያው ክረምት እኅቴ ስልክ ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ ልጅቷን ለሰው ልንሰጥ ነው" አለችኝ።

"እትዬ፣ ትምህርቷስ?" አልኩ።

"የቱን ትምህርት ነው የምትለኝ? ይከፈታል ያለህ ማን ነው? ጊዜው ክፉ ነው። ልጅቷ እቤት ውላ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ማን ይመልስልኛል? ደግሞ ድግስ ተከልክሏል፤ ብዙ ሰው አይጠራም፤ ብዙ ወጪ የለውም" አለችኝ።

የመጨረሻዋን አነጋገር አስተውሉልኝ። ሰው እንዳይሰበሰብ በሽታን ለመከላከል የወጣው ክልከላ ሰርጉን ርካሽ አደረገው! በደጉ ጊዜ አንድ አባት ልጁን ለመዳር በሬ ይጥላል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ዘመድ ይጠራል። ለዚህ አቅም እስኪያገኝ ልጅቷ አንድ ሁለት ክፍል ታልፋለች። በኮሮና ጊዜ ግን በአሥር ሰው፣ በአንድ በግ፣ በአንድ ቀን አለቀ። ሕግ አውጪው ይህን አስቦት ይሆን? አላሰበውም። ሊያስበው የሚችለው እኮ ሸነንን የሚያውቅ ሰው ሲሆን ነው።

ታዲያ እኔስ ምን አደረግሁ? ጋዜጣ አንባቢው፣ ተማርኩ ባዩ፣ የመዲናው ሰው? የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን አውቃለሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን በእስራት እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ቃል ተቃወምኩ። እኅቴ ስታለቅስ ጊዜ ዝም አልኩ። በማግስቱ ለመዳሪያዋ ብዬ ሦስት ሺህ ብር ላክሁ። አዎ፣ ላክሁ። ድንኳኑ ውስጥ አብሬ የሳቅሁት ሳቅ ማታ ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ለዚህ ነው። ስለዚህ ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ በሌላው ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም። ጣቱ መጀመሪያ ወደ እኔ ነው።

ኮሮና ያለዕድሜ ጋብቻን አልፈጠረውም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 40ዎቹ 18 ሳይሞላቸው የተዳሩ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ግን ግድብ ነበር። "ትማር ተዋት" የሚለው አስተማሪ፣ "ዛሬ ለምን ቀረች?" ብሎ የሚጠይቀው የስም መጥሪያ መዝገብ፣ ጎረምሳውን የሚያሳፍረው ዩኒፎርም፣ ሁሉም ግድብ ነበሩ። በሩ ሲዘጋ ግድቡ ፈረሰ። ልጅቷ ስትጠፋ የሚጠራት ስም ጠሪ አልነበረም።

ለወንበር ጊዜ ተገኘ

በዚያው ክረምት ግን አንድ ነገር እንዴት ባለ ጥንቃቄ እንደተያዘ ላስታውሳችሁ። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊደረግ የነበረው ምርጫ በኮሮና ምክንያት እንዲቆይ ተወሰነ። የምክር ቤቶችና የመንግሥት የሥልጣን ዘመን ሊያልቅ ነበርና ጭንቅ ሆነ። ያኔ ምን አየን? የሕግ ሊቃውንት ተጠሩ። በቴሌቪዥን መስኮት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ በአንቀጽ ሲተነተን ዋለ። አጣሪ ጉባኤው መረመረ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ተሰብስቦ የሥልጣኑን ዘመን አራዘመ። ምርጫውም ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ።

መራዘሙ ልክ ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር ያኔ በቂ ቀለም ፈሶበታል፤ አሁን አልገባበትም። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ለወንበሩ ጊዜ ሲጎድል አገር ሙሉ ሊቅ ተጠርቶ የጎደለው ጊዜ ተሞላ። ለ26 ሚሊዮን ልጅ ሰባት ወር ሲጎድልስ? የትኛው ጉባኤ ተቀመጠ? የትኛው ሊቅ ተጠራ? ለልጁ የተሰጠው መፍትሔ "ወደሚቀጥለው ክፍል አልፈሃል" የሚል ነበር። ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀር ያለው ሁሉ ተዛወረ። ለስምንተኞቹ የ45 ቀን ማካካሻ ተሰጠ። የኮሮናው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የተፈተኑት በ2013 አጋማሽ ነው። ለወንበሩ ዕድሜ ተጨመረለት፤ ከልጁ ዕድሜ ግን ተቀነሰ።

ምዕራብ ሸዋ ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለም። በ2004 አንደኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ እንውሰድ። ሦስተኛ ክፍል ሳለ፣ በሚያዝያ 2006፣ አምቦ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ደም ፈሰሰባት። አምስተኛ ክፍል ሲደርስ፣ በኅዳር 2008፣ ተቃውሞው ከጊንጪ ተማሪዎች ተነሥቶ አገር አዳረሰ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ኮሮና መጣ። ከዚያ በኋላ በየጫካው ያለው ጦርነት ተከተለ፤ ከፊሉ መምህር ሸሸ፣ መንገዱ አንዴ ተከፈተ አንዴ ተዘጋ። ይህ ልጅ መቼ ተማረ? ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እዚህ ግን ዝሆኖቹ ሳይጣሉም ሣሩ ታጨደ።

ሂሳቡ ሲወራረድ

ሂሳቡ በኋላ መጣ። በ2012 አሥረኛ ክፍል የነበሩት ልጆች የ2014ን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3። በ2012 ዘጠነኛ የነበሩት፣ ያ ከላይ የጠቀስኩት ልጅ ያለበት ክፍል፣ በ2015 ተፈተኑ። ከመቶ 3.2። የስምንተኛዎቹ ተራ በ2016 ደረሰ። ከመቶ 5.4። አገር ጉድ አለ። "ትውልዱ ሰነፍ ነው፣ ቲክቶክ ገደለው" ተባለ።

ሁሉንም በኮሮና ላይ ልላክክ አልልም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች መዛወሩና ኩረጃው መቆሙ የተሸፈነውን ገልጦታል። ጦርነቱ አለ። የመምህሩ ደመወዝ አለ። ከዚያ በፊትም ትምህርታችን ታሞ ነበር። ነገር ግን ሰባት ወር ከትምህርት ገበታ ርቆ፣ የቀረበትን ሳይማር ወደሚቀጥለው ክፍል የተገፋ ልጅ፣ መሠረቱ ሳይደርቅ ፎቅ የተሠራበት ቤት ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጡቡን እንሰድባለን። ሠራተኛውን ግን የሚጠይቅ የለም።

የእኅቴ ልጅ ከነዚያ ከወደቁት ውስጥ እንኳ የለችም። ለመውደቅም እኮ መፈተን ያስፈልጋል። በጥቅምት 2013 በሩ ሲከፈት ወደ ክፍል ያልተመለሱትን፣ ወንዱን ለቀን ሥራ፣ ሴቷን ለትዳር የወሰዳቸውን፣ በየወረዳው በስም የዘረዘረ መዝገብ ካለ ያሳዩን። "ተመልሰዋል" የሚለውን ጥቅል ቁጥር አይደለም የምጠይቀው። ያልተመለሰችውን ልጅ ስም ነው።

ምን ይደረግ ታዲያ?

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለኝ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ኮሮና ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑ አብቅቷል ብሏል፤ አሁን ምን አስጮኸህ ቢሉኝ፣ ጅቡ የሄደ መስሏችሁ ነው እላለሁ። ቫይረሱ ዛሬም አለ። ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። የመጀመሪያው ሲመጣ የተደነባበርነው ባለማወቅ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ምክንያት አይኖረንም።

በመጀመሪያ፣ ይቆጠር። የጤናውም የትምህርቱም ቢሮ በየወረዳው የደረሰውን አጥርቶ ለሕዝብ ይንገር። ስንት ልጅ ታመመ፣ ስንት ሞተ፣ ስንት አሳዳጊውን አጣ፣ ስንቷ ተዳረች? በዓለም ላይ እስከ ሚያዝያ 2013 ድረስ ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ልጆች ወላጃቸውን ወይም አብሯቸው የሚኖር አያታቸውን በዚህ በሽታ አጥተዋል ተብሎ ተገምቷል። ከነዚያ ውስጥ የእኛዎቹ ስንት ናቸው? ያልተቆጠረ አይካስም።

ሁለተኛ፣ ሕግ ይኑር። ወረርሽኝ ሲመጣ ትምህርት ቤት በመጨረሻ የሚዘጋ፣ በመጀመሪያ የሚከፈት ይሁን። መጠጥ ቤቱ ተከፍቶ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የሚውልበት ጊዜ ሁለተኛ አይምጣብን። መዝጋት ግድ ከሆነም መምህሩ ደመወዙን እየበላ እቤቱ ከሚቀመጥ፣ አምስት አምስት ልጅ እየከፈለ ዛፍ ጥላ ሥር ያስተምር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛ፣ ያቋረጡት ይመለሱ። ልጅ የወለደች ወጣት ልጇን ይዛ የማታ ክፍል ብትገባ የሚከለክላት ሕግ የለም፤ የሚቀበላት በር ነው ያጣችው። በሸነንም በጌዶም በጉደርም አንድ አንድ ክፍል ማታ መብራት ቢበራበት አገር አይከስርም።

አራተኛው ለእኛ ለወላጆች ነው፤ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ልጅ ሲያተኩሰውና ሲያስለው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ ፌጦ አትፈልጉ፤ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጉንፋን መሰል ሕመም ካለፈው ሳምንታት በኋላ ትኩሳቱ የማይበርድ፣ ሽፍታና የዓይን መቅላት ያለበት ልጅም እንዲሁ፤ ለሐኪሙም "ከሳምንታት በፊት ታሞ ነበር" በሉት። እናትየው ብትታመም ጡት አታስጥሏት፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ታጥባ። ክትባቱንም በወቅቱ አስከትቡ። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 23 ሚሊዮን ሕፃናት መደበኛ ክትባታቸው ጎድሎባቸዋል። ኮሮናን ሸሽቶ ለኩፍኝ መሰጠት ብልህነት አይደለም።

ከሸነን ስመለስ የእኅቴ ልጅ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ትልቁ ልጇ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። "ኤሱማ፣ ስትመጣ ደብተር አምጣለት" አለችኝ። "አመጣለታለሁ" አልኳት። ከዚያ ጥቂት ዝም ብዬ "ላንቺስ?" አልኳት። መሬት መሬቱን እያየች ሳቀች፤ መልስ ግን አልሰጠችኝም።

ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ የላክሁትን ሦስት ሺህ ብር አይመልስልኝም፤ ቢሆንም ይዤ እሄዳለሁ። የማታው ክፍል ግን በእኔ ደብተር አይከፈትም። እሱን የሚከፍተው፣ ለወንበሩ ዕድሜ ጊዜ ያላጣው ክፍል ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል! ቸር ይግጠመን።